የሮካኖን ዓለምና የወጋጎዳ መጽሐፍ

በዚህ ገጽ የለመድነው የምርጫ፣ የሕገ መንግሥትና የክልል ነገር ነው። ዛሬ ስለ አንድ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ስለ ጠፈር መንኮራኩርና ስለሚበሩ ድመቶች የሚተርክ መጽሐፍ ለአገራችን ፖለቲካ ምኑ ነው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህን ጠያቂ እስከ መጨረሻው አብሮኝ እንዲዘልቅ እለምነዋለሁ፤ መንገዱ ከሩቅ ኮከብ ተነሥቶ ወላይታ ሶዶ ይደርሳልና።

መጽሐፉ «የሮካኖን ዓለም» ይባላል። የአሜሪካዊቷ ደራሲ የኡርሱላ ሌጉዊን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ሲሆን የታተመውም እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፈችው በዓለም የታወቀች ጸሐፊ ሆና ነው። ይህ የበኩር ሥራዋ ግን የሁለት ደራሲያንን ድርሰት ጀርባ ለጀርባ አጣብቆ በአንድ ሽፋን በሚሸጥ ርካሽ እትም የወጣ ትንሽ መጽሐፍ ነበር። በዚህ ክረምት፣ የዳሞታ ተራራ ከነጭራሹ በደመና በተሸፈነባቸው ሳምንታት፣ ሶዶ ላይ ሆኜ አነበብሁት። ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ታሪኩ ፎማልሃውት በተባለው ኮከብ ዙሪያ በምትዞር ፕላኔት ላይ ይፈጸማል። ኮከቡ እውነተኛ ነው፤ ከእኛ 25 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ይገኛል። ሰዎቹ ግን የምናብ ናቸው። በመግቢያው ሴምሊ የምትባል ወይዘሮ እናገኛለን። ሴምሊ የኩሩ ግን የደኸየ መሳፍንት ዘር ናት። ከቤተሰቧ የጠፋውን የአባቶቿን የአንገት ጌጥ ፍለጋ ትወጣለች። ከምድር በታች የሚኖሩ አንጥረኞች በመንኮራኩር ጭነው ወደ ሌላ ዓለም ይወስዷታል። ጌጡን ከአንድ ሙዚየም ታገኛለች፤ ሮካኖን የተባለው ምሁር አክብሮ ይመልስላታል። ለእርሷ ጉዞው የአንዲት ረጅም ሌሊት ጉዞ ነው። አገሯ ስትመለስ ግን ባሏ ሞቶ፣ ጥላት የሄደችው ሕፃን ልጇ እኩያዋ ሆና ትጠብቃታለች።

ይህን ታሪክ አያት ለልጅ ልጅ እንደሚነግረው ተረት ብናነበው ምንም አይጎድለውም፤ ከመሬት በታች ካሉ መናፍስት ዘንድ አንዲት ሌሊት አድሮ ዘመን ያለፈበት ሰው ተረት በብዙ ሕዝብ ዘንድ አለ። እንደ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ብናነበውም ምንም አይጎድለውም፤ ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ መንኮራኩር ላለ ሰው ጊዜ እንደሚዘገይ አንስታይን አስተምሯል። ደራሲዋ ሁለቱን አንድ ያደረገችበት ጥበብ ይህ ነው፤ ክስተቱ አንድ ሆኖ ሳለ ለሴምሊ ተረት፣ ለሮካኖን ፊዚክስ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ዕውቀቱ በማን እጅ እንዳለ ነው። ለእኔ ፖለቲካው የሚጀምረውም ከዚህ ነው። አንጥረኞቹ ያንን መንኮራኩር አልሠሩትም። ዓለማትን በአንድ ማኅበር ያሰባሰበው ኃይል ሰጣቸው እንጂ። ያ ማኅበር በፕላኔቲቱ ካሉት ሕዝቦች አንዱን መርጦ በቴክኖሎጂ ያሳድጋል፤ ሌላውን ግብር ያስገብራል፤ ሁሉንም በቁጥርና በፊደል ይመድባል።

ምደባው በመጽሐፉ ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል። ደራሲዋ ለባለሥልጣናት ተዘጋጀ ከተባለ የኪስ መመሪያ ቅንጭብ ታስነብበናለች፤ አንደኛ ዝርያ፣ በእርሱ ሥር «ሀ» እና «ለ»፣ ሁለተኛ ዝርያ፣ እያለ ይቀጥላል። ቁመታቸው ይኸን ያህል፣ ቆዳቸው ይኸን የመሰለ፣ ሥርዓታቸው ይኸኛው። ቀጥሎ ያው የተመደበው ሕዝብ በሥጋና በደም ይመጣል፤ ያፈቅራል፣ ይኮራል፣ ያዝናል። አንባቢው መመሪያውን እንደገና ሲገልጠው የተጻፈው ሁሉ ልክ እንደሆነ ያያል። ልክ ሆኖ ሳለ ግን ስለ ሴምሊ አንዲት ቁም ነገር አይነግረውም።

ሌጉዊን ይህን ከባዶ አላመጣችውም። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር በአሜሪካ ስመ ጥር የአንትሮፖሎጂ ምሁር ነበር። እናቷ ቴዎዶራ ክሮበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ኢሺ መጽሐፍ አሳትማለች። ኢሺ ያሂ ከሚባለው የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝብ የተረፈ የመጨረሻው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ከጫካ ወጥቶ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ኖሮ በ1916 ሞተ። በባህሉ ሰው የራሱን ስም ለባዕድ አይናገርምና እውነተኛ ስሙን ሳይናገር ዐለፈ። «ኢሺ» በቋንቋው «ሰው» ማለት ነው፤ ይህንንም ያወጣለት ክሮበር ነው። በሌጉዊን መጽሐፍ ያለችውም ፕላኔት በነዋሪዎቿ ዘንድ «ዓለም» ከመባል በቀር ስም የላትም። በመጨረሻ ስም ይወጣላታል፤ የሚሰጣትም የመጤው ምሁር የሮካኖን ስም ነው። እርሱ ግን ይህን ሳያውቅ ሞቷል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ስለ ስም መናገር ለወላይታ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የካዎ ጦና መንግሥት በ1887 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ጦር ከወደቀ በኋላ ይህ ሕዝብ በመንግሥት መዝገብ፣ በካርታና በውጭ ምሁራን ጥናት «ወላሞ» ተብሎ ተጻፈ። ራሱን ወላይታ ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ሌሎች ባወጡለትና እንደ ስድብ በሚሰማው ስም ሲጠራ ኖረ። ስሙ ከመዝገብ የወጣው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። የዘመቻውንም ታሪክ በጽሑፍ ካስቀሩልን አንዱ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም ነው። ሮካኖንን እያነበብሁ ቫንደርሃይምን አለማሰብ አልቻልሁም። ሁለቱም መጤ ናቸው፤ ሁለቱም ጽፈዋል። ከእነርሱ ወዲህ የመጣው አንባቢ በእነርሱ ዐይን ለማየት ተገዷል።

ይህ ግን የሩቅ ዘመን ነገር ነው። ወደ ቅርቡ ልምጣ።

በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ በቀድሞው ሰሜን ኦሞ ዞን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ መጣ። የተጻፈበት ቋንቋ «ወጋጎዳ» ይባል ነበር። ስሙ ራሱ የተሰፋ ነው፤ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ተቀንጭቦ የተገጣጠመ። ቋንቋውም እንደ ስሙ ነበር። ከአራቱም ጥቂት ጥቂት ተወስዶ በጽሕፈት ቤት የተዋቀረ ነው። በእናቱ ጉያ ወጋጎዳን የሰማ ሕፃን በምድር ላይ አልነበረም። የወላይታ ሕዝብ ተቃወመ፤ የተቃወሙ መምህራን ታሰሩ፣ ከቦታቸው ተነሡ። በኅዳር ወር ሶዶ ላይ ተማሪውና ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ መጽሐፉ ተቃጠለ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ተሰበሰበ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1993 ዓ.ም.፣ ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

በዚያን ጊዜ ያስተምሩ የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር አውቃለሁ። መጽሐፉን አንብቤ ስጨርስ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ያን መጽሐፍ ያስታውሱታል?» አልኋቸው።

«እንዴት አላስታውሰው፣ ልጄ» አሉኝ። «ቃሉ ሁሉ የሚታወቅ ነበር። እንደዚያ ብሎ የሚናገር ሰው ግን አልነበረም።»

ከዚህ የተሻለ የሥነ ልሳን ትችት አልሰማሁም።

አሁን ወደ ነጥቤ ልግባ። ወጋጎዳ በአገራችን የታተመ፣ ሳይንስንና ቅዠትን የቀላቀለ ድርሰት ነው ብል አንባቢ ቀልድ አይምሰለው። ሳይንሱ እውነት ነበር። አራቱ ቋንቋዎች ከአንድ የኦሞ ቋንቋዎች ዘር የተቀዱ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን ምሁራን አስቀድመው ጽፈዋል። ተናጋሪዎቻቸውም በገበያ ሲገናኙ በብዙው ይግባባሉ። ቅዠቱ የሚጀምረው ከዚህ እውነት ወደ አንድ ውሳኔ በተዘለለበት ቦታ ነው፤ ዘመዳሞች ከሆኑ አንድ እናድርጋቸው፣ አንድ ካደረግናቸው ሕዝቡም አንድ ይሆናል የሚል ውሳኔ። የሌጉዊን የኪስ መመሪያ የሠራው ስሕተት ይኸው ነው። ምደባው ትክክል ስለሆነ ብቻ መዳቢው በተመደበው ላይ ሥልጣን ያለው ይመስለዋል።

ቋንቋ መፍጠር በራሱ ወንጀል አይደለም። እንግሊዛዊው ቶልኪን ዕድሜውን ሙሉ ቋንቋ ሲፈጥር ኖሯል፤ ሰዋስው አበጅቶላቸዋል፣ ታሪክ ጽፎላቸዋል። የእርሱ ፈጠራ በወዶ ገብ አንባቢ እጅ ይገባል፤ ያልወደደው መጽሐፉን ከድኖ ያስቀምጠዋል። የሶዶው ሕፃን መጽሐፉን ከድኖ ማስቀመጥ አይችልም ነበር፤ ይፈተንበታልና። ልብ ወለድና ፖሊሲ የሚለዩት በዚህች ትንሽ ነገር ይመስለኛል፤ አንባቢው የመክደን መብት አለው ወይስ የለውም?

የተቃራኒውን ወገን ክርክር በቅንነት ማስቀመጥ ደግሞ የጸሐፊ ግዴታ ነው። ለአራት ቋንቋ አራት መጽሐፍ ማዘጋጀት ለድኻ አገር ወጪ ነው። መለያየት በበዛበት አገር የሚያቀራርብ ነገር መፈለግ መጥፎ ምኞት አይደለም። ደግሞስ የትኛው የጽሑፍ ቋንቋ ነው ከምሁራን እጅ ያልወጣው? የኖርዌይ መንግሥት ሁለቱን የአገሪቱን የጽሑፍ ቋንቋዎች ወደ አንድ ለማምጣት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለአሥርት ዓመታት ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወላጆች ተቆጥተው የልጆቻቸውን መማሪያ መጽሐፍ በእስክሪብቶ እያረሙ ቃላቱን ወደሚያውቁት መለሱ። ፖሊሲው ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2002 በይፋ ቀረ። ሐሳቡ ከወጋጎዳ ብዙም አይርቅም። በኖርዌይ ግን ክርክሩ በእስክሪብቶ ተጀምሮ በእስክሪብቶ አለቀ። በእኛ አገር የአንድን ሐሳብ ስሕተት ለማሳየት ሰው መሞት ነበረበት። የሚያሳዝነኝ ከሐሳቡ ይልቅ ይህ ነው።

ነገሩ በዞን መሆን አላበቃም። የወላይታ ዞን ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል የመሆን ጥያቄ አጸደቀ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ አመራሮች ታሰሩ፤ በተከተለው ተቃውሞም እንደገና የሰው ሕይወት ጠፋ። በጥር 2015 ዓ.ም. የጋራ ክልል ለማቋቋም ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ የወላይታው ውጤት በምርጫ ቦርድ ተሰርዞ በሰኔ ወር ተደገመ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ሶዶም የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆነች። ወላይታ፣ ጋሞና ጎፋ ዛሬ በዚህ ክልል ውስጥ እያንዳንዳቸው ዞን ናቸው። ዳውሮ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነው። በአንድ መጽሐፍ ሊጣመሩ የታሰቡት አራቱ ዛሬ በሁለት ክልል ተቀምጠዋል። በግድ የተሰፋ ልብስ በስፌቱ ነው የሚቀደደው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁትን የሚወድልኝ የሶዶ አንባቢ ቀጥሎ የምለውን ላይወድልኝ ይችላል። ቅዠት የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ብቻ ሀብት አይደለም። እኛም የራሳችን አለን። በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል የተጠቀሰውን የዳሞቱን ንጉሥ ሞተለሚን የወላይታ ትውፊት የራሱ ንጉሥ አድርጎ ይተርከዋል። ትውፊቱ ውብ ነው፤ እወደዋለሁም። ትውፊትን ይዞ ወሰን ማካለል ሲጀመር ግን ነገሩ የኪስ መመሪያው ግልባጭ ይሆናል። ጥንታዊነታችንን ለማስመስከር ንጉሥም አያስፈልገን ነበር። በዚያው በዳሞታ ተራራ ጎን ሞቸና ቦራጎ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ከ50,000 ዓመት በላይ የሆናቸው የሰው ኑሮ ምልክቶችና ከጥቁር ባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች አግኝተውበታል። እነዚያ ባለ እጆች ወላይታም ጋሞም አልነበሩም። የዘመናቸውን ረቂቅ ቴክኖሎጂ ግን በእጃቸው ይዘው ነበር።

በአማርኛም ሳይንስንና ተረትን ለማጋባት የተሞከረበት መጽሐፍ አለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። የጣና ገዳማትን ከጠፈር ሳይንስና ከስለላ ጋር ያስተሳሰረው ይህ መጽሐፍ በዚያን ዘመን ልብ ወለድ የማያነቡትን ሁሉ አንባቢ አድርጎ ነበር። በመጽሐፉ ያለውን በባሕር ማዶ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ሲያነብ ብዙ ሰው ያስታወሰው በጥር 1998 ዓ.ም. ያረፈውን የጠፈር መሐንዲስ ቅጣው እጅጉን ነው። ቅጣው የተወለደው ቦንጋ፣ ከፋ ውስጥ ነው። የአገሪቱ ምናብ የሳይንስ ተአምሯን ስትሸሽግ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ሐይቅና ገዳም ታመራለች፤ የሳይንስ ሰዋ ግን ከደቡብ ምዕራብ ጫካ አገር ወጥቷል። ይህን የምለው ደራሲውን ለመውቀስ አይደለም፤ እርሱ ያደገበትን ምድር ጻፈ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። የዳሞታንና የቢላቴን ምናብ የሚጽፈው ደግሞ ከዚህ የበቀለ ሰው ነው።

ስለ ሮካኖን አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር መጽሐፉን አጎድለዋለሁ። ሮካኖን ከሴምሊ ጋር ከተገናኘ በኋላ ያ ሕዝብ በሚገባ እስኪታወቅ ድረስ ሌላ ሰው እንዳይገባበት አስከልክሎ ራሱ ሊያጠና ይሄዳል። እዚያ ሳለ ዐማፅያን መንኮራኩሩን አውድመው ባልደረቦቹን ይገድሉበታል። ወደ ጠላት ሰፈር በሚወስደው ረጅም መንገድ ላይ በአንድ ተራራ ውስጥ የሰውን ሐሳብ የመስማት ኃይል ይሰጠዋል፤ ዋጋውም የቅርብ ወዳጁ የሞጊየን ሞት ይሆናል። ከዚያም ከጠላት ጦር ሰፈር መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ በ«አንሲብል» በቅጽበት ይደርሳል። ይህን ቃል ደራሲዋ ለዚህ መጽሐፍ ፈጠረችው፤ ሌሎች ደራሲያን ኋላ ተዋሱት። ጦር ሰፈሩ ይደመሰሳል። ሮካኖን ግን ሰሚ ሆኗልና የጠላቶቹን ሞት ሁሉ በራሱ ውስጥ ይሰማዋል። ድሉ የደስታ ድል አይሆንለትም።

በዚህ ምዕራፍ ላይ ብዙ ቆየሁ። ባለሥልጣኖቻችን «ሕዝቡን አዳምጠናል» የሚለውን ቃል ይወዱታል። መድረክ ይዘጋጃል፣ አበል ይከፈላል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ሌጉዊን ግን ማዳመጥ ዋጋ የሚያስከፍል ነገር ነው ትላለች፤ የሰማኸው የሌላው ሕመም በአንተ ላይ ካልደረሰ አልሰማህም። በኅዳር 1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ለወደቁት፣ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ለወደቁት፣ ያ ሕመም የተሰማው ባለ ሥልጣን ማን ነው? ጥያቄውን የምጠይቀው ለአንድ ፓርቲ አይደለም፤ በሁለቱ ዘመናት መካከል ገዥዎቹ ስማቸውን ለውጠዋልና።

መምህሩ ቤት ሳለሁ ያ የወጋጎዳ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ተርፏቸው እንደሆነ ጠይቄአቸው ነበር። «ማን ያስቀምጠዋል?» አሉ። አንዱ ተቃጥሏል፣ አንዱ ተሰብስቧል። እኔ ግን መቀመጥ አለበት እላለሁ። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ቤተ መጻሕፍት አለው። የተረፉት ቅጂዎች ተፈልገው፣ ከመጽሐፉ ጎን በዚያ ወር የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ተጽፎ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ። ሴምሊ የአባቶቿን ጌጥ ያገኘችው በባዕድ ሙዚየም ውስጥ፣ ባዕዳን በጻፉለት መግለጫ ሥር ነው። የእኛ መደርደሪያ ግን እዚሁ ሶዶ ይሆናል፤ መግለጫውንም በወላይትኛ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም።